ሆን ተብሎ የሚዛነፍ ቅኝት

ክራር ተጫዋች ብቻውን ሲሆን ክሩን የሚያጠብቀው ለራሱ ድምፅ እንደሚመቸው ነው። ከሳክስፎንና ከኪቦርድ ጋር ሲቀመጥ ግን ለአንድ ቁጥር መገዛቱ አይቀርም፤ ለ440 ኸርዝ። በፒያኖው መሃል አካባቢ ያለችው «ላ» የምትባለው ድምፅ በሰከንድ 440 ጊዜ ትርገበገባለች ማለት ነው።

ቁጥሩን የወሰነው ሰው እንጂ ተፈጥሮ አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1859 በሕግ የደነገገችው 435 ነበር። ጣሊያናዊው የኦፔራ ደራሲ ቨርዲ 432 ይሁን ብሎ ተከራክሯል። በ1939 ለንደን ላይ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች ግን በ440 ተስማሙ። እንግሊዞች የለመዱት 439 ነበር፤ ችግሩ 439 ከራሱና ከ1 በቀር ለምንም አይካፈልም። የቢቢሲ መሐንዲሶች ደግሞ መለኪያውን ድምፅ ያወጡ የነበረው የክሪስታልን ርግብግቢት እያካፈሉና እያባዙ ነው፦ 1,000 ኸርዝን በ11 አባዝተው ለ25 ሲያካፍሉት 440 ይመጣል። 432 ይፈውሳል እያሉ የሚሰብኩ ሰዎች ዛሬም አሉ። ሰከንድ ራሷ በሰው የተቆረጠች መሆኗን የረሱ ይመስለኛል።

ፒያኖ ቃኚ ከመቃኛ ሹካው የሚወስደው ያችኑ አንዲት «ላ» ነው። የቀረው የጆሮ ሥራ ነው። አብዛኞቹ ቁልፎች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ክር ስላላቸው ሁለቱን በጎማ ሽብልቅ አፍኖ አንዱን ያስተካክላል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ይለቅቃል። አንዱ 440፣ ሌላው 442 ከሆነ ድምፁ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ እያለ ይዋዥቃል። ክሩ የተጠመጠመበትን ሚስማር በመቃኛ ቁልፉ ትንሽ ሲያዞረው መዋዠቁ ይዘገያል፣ ይዘገያል፣ ይጠፋል።

ከ«ላ» ተነስቶ ወደ «ሚ» ሲሄድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፍጹም የሚስማማው «ሚ» 660 ኸርዝ ነው። ቃኚው በዚህ ዓይነት ፍጹም እርምጃ 12 ጊዜ ቢራመድ ከሰባት ኦክታቭ በኋላ መድረስ የነበረበትን «ላ» የግማሽ ድምፅ ሩብ ያህል አልፎት ይገኛል። ትርፉን አንድ ቦታ ቢያከማቸው አንዳንዱ ዜማ ሲጣፍጥ ሌላው ጆሮ ይበጣል። ስለዚህ ለሁሉም እኩል ያከፋፍለዋል። «ሚ»ን ወደ 659.26 ያወርዳታል፤ ሁለቱን ቁልፎች አብሮ ነክቶም በሁለት ሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል መዋዠቃቸውን ይቆጥራል። ካልዋዠቁ ገና አልተቃኙም።