ከቢጫው ዓይን በፊት

ከአባያ ዳር የመጡት ዓሣ አስጋሪ ዓይናቸው እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ክንዳቸው በማከክ ብዛት ቆስሏል፤ ቀበቷቸው ላይ በምስማር የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉ።

«አባቴ፣ ሆድዎን ያምዎታል?»

«ምንም አያመኝም ልጄ። የወፍ በሽታ ነው ብለውኝ የአበሻ መድኃኒት ስጠጣ ከረምኩ።»

አልትራሳውንዱ የተወጠረ የሐሞት ከረጢት፣ የሰፋ የሐሞት ቱቦና በቆሽታቸው ራስ ላይ ዕጢ አሳየ። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ስጽፍላቸው ልጃቸው «በደም ምርመራ ቀድሞ ማወቅ አይቻልም ነበር?» አለኝ።

ተገቢ ጥያቄ ነው። ከ10 የቆሽት ካንሰሮች በ9ኙ ገደማ ኬራስ የሚባለው ዘረመል ተለውጦ ይገኛል። የዕጢው ሕዋሳት ሲሞቱ የዘረመሉ ስብርባሪ ወደ ደም፣ ወደ ቆሽት ፈሳሽ፣ ወደ ሰገራም ይገባል፤ ተመራማሪዎች የሚፈልጉት ያንን ነው። በ2018 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ያስተዋወቁት ካንሰርሲክ የተባለ የደም ምርመራ የ16 ዘረመሎችን ለውጥና 8 ፕሮቲኖችን አብሮ ያያል። ነገር ግን ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ደም ውስጥ የሚገኘው ስብርባሪ እጅግ ጥቂት ነው። በኢንዶስኮፒ የሚቀዳው የቆሽት ፈሳሽ የበለጠ ይይዛል፤ ሆኖም የተለወጠ ኬራስ ካንሰር በሌለበት፣ ቆሽቱ ለረጅም ጊዜ በተቆጣ ሰው ላይም ይታያል።

የስሕተቱ ዋጋም ቀላል አይደለም። በሽታው በብዛት በሚታይባቸው አገሮች እንኳ በዓመት የሚይዘው ከ10,000 ሰው 1 ወይም 2 ነው። ከ100 ጤነኛ በ1ዱ ብቻ የሚሳሳት ምርመራ ለ10,000 ሰው ቢሰጥ፣ 100 ያህል ጤነኛ ሰው ከጨንቻም ከቦንኬም በሬውን ሸጦ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ስለዚህ ምርመራው የሚጠቅመው ስጋቱ ከፍ ላለባቸው ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ስኳር አዲስ ከተገኘባቸው 100 ሰዎች በ1ዱ ገደማ በ3 ዓመት ውስጥ የቆሽት ካንሰር ይገኛል። የእኚህ አባት ስኳርም የጀመረው አምና ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በየወሩ ለክትትል እኛው ዘንድ ይመጣሉ። የዘረመል ምርመራው እስኪደርሰን ድረስ ሚዛን አለን። ስኳር ራሱ ያከሳል፤ ስኳሩ በመድኃኒት ወርዶ እያለ መክሳቱን ካላቆመ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።

ባልደረቦቼ፣ የእነዚህን ሰዎች ክብደት በየቀጠሮው ካርዳቸው ላይ ጻፉ። እርስዎም አንባቢዬ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ፣ ምንም ባያምዎት እንኳ ሌላ ነገር ከመጠጣትዎ በፊት ጤና ጣቢያ ይሂዱ።