የ«ኪንግስሜን» አነሳስና መለያየት፦ ዘፋኙ ሌላ፣ የስሙ ባለቤት ሌላ

በ1960ዎቹ በአሜሪካ በየሰፈሩ ወጣቶች ተሰባስበው በወላጆቻቸው ጋራዥ ውስጥ ጊታርና ከበሮ ይለማመዱ ነበር። ሙዚቃቸው በኋላ «ጋራዥ ሮክ» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። አብዛኞቹ ከሰፈራቸው አልፈው አልታወቁም። ከታወቁት አንዱ በኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ የተነሳው «ኪንግስሜን» የተባለው ቡድን ነው።

ቡድኑን በ1959 የጀመሩት ጃክ ኤሊና ሊን ኢስተን የልጅነት ጓደኛሞች ነበሩ። ኤሊ ጊታር እየመታ ይዘፍናል፣ ኢስተን ከበሮ ይመታል። በአፕሪል 1963 «ሉዊ ሉዊ» የተባለውን፣ ሪቻርድ ቤሪ በ1957 ያወጣውን ዘፈን በአንድ ስቱዲዮ ቀረጹ። ወጪው 50 ዶላር ያህል ነበር። ማይክሮፎኑ ከላይ ስለተሰቀለ ኤሊ አንገቱን ቀና አድርጎ መጮህ ነበረበት፤ ስለዚህ ቃላቱ በደንብ አይለዩም። በመካከሉም ሰዓቱ ሳይደርስ ይጀምርና፣ ስህተቱን አውቆ ዝም ብሎ እንደገና ሲገባ ይሰማል። ሸክላው ሳይታረም እንዲሁ ወጣ።

ዘፈኑ ገና ሳይታወቅ፣ በዚያው ዓመት በኦገስት፣ ኢስተን «ከእንግዲህ ዘፋኙ እኔ ነኝ፣ ኤሊ ከበሮ ይምታ» የሚል ሐሳብ አመጣ። ጓደኞቹ ሲቃወሙ የቡድኑን ስም እናቱ አስመዝግበውለት እንደነበር ተገለጸ። የቡድን ስም እንደ ሱቅ ስም ንብረት ነው፤ በመዝገብ ላይ የሰፈረው ሰው ወረቀቱን ያወጣል፣ ጥሩ የሚዘፍነው ግን የሚያሳየው ነገር የለውም። ኤሊና የቤዝ ተጫዋቹ ቦብ ኖርድቢ ትተው ሄዱ።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በቦስተን አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ ዘፈኑን የሳምንቱ መጥፎ ዘፈን ብሎ ቢያሰማው አድማጩ ወደደው። በዲሴምበር በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ። መድረክ ላይ የቆመው ግን ኢስተን ነበር፤ በቴሌቪዥን ሲቀርብ በኤሊ ድምፅ ላይ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር።

በ1964 ደግሞ ወላጆች «ቃላቱ ብልግና ነው» ብለው አቤቱታ አቀረቡ። የኢንዲያና ገዢ ሬዲዮ ጣቢያዎች እንዳያሰሙት ጠየቁ፣ ኤፍቢአይም ምርመራ ከፈተ። ሸክላውን በተለያየ ፍጥነት እያዞሩ ቢያዳምጡም መርማሪዎቹ ምን እንደሚል መለየት አልቻሉም። (ማንም በደንብ ያልሰማው ቃል ብልግና መሆኑ በምን ታወቀ?) ወሬው ለሸክላው ገበያ ጠቀመው እንጂ አልጎዳውም።

ኤሊ በበኩሉ «ኪንግስሜን» የሚል ሌላ ቡድን አቁሞ ሲዘዋወር ነገሩ ሕግ ፊት ቀረበ። በስምምነቱ ኤሊ ስሙን መጠቀም ተወ፤ ኢስተንም በኤሊ ድምፅ ማስመሰሉን አቆመ፣ በሸክላውም ላይ ዘፋኙ ኤሊ መሆኑ እንዲጻፍ ተወሰነ። ኢስተን በ1967 ከቡድኑ ወጣ፣ ቡድኑም ብዙ ሳይቆይ ተበተነ።

አባላቱ በ1968 በፈረሙት ውል የቅጂውን መብት ለሌሎች ሲያስተላልፉ ከትርፉ 9 በመቶ ሊከፈላቸው ነበር። ለ30 ዓመት ያህል ምንም ስላልተከፈላቸው ከሰሱ፤ በ1998 መብቱ ተመለሰላቸው። በኋላ ፈረስ በማሰልጠን ይኖር የነበረው ጃክ ኤሊ በ2015 በኦሪገን አረፈ፣ ኢስተን ደግሞ በ2020።