ለቤት ገዢ የሚቀነስ ግብር ማንን ይጠቅማል?

ባለፈው እሑድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ስንጨዋወት፣ አብሮኝ የተማረና ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወዳጄ «ለመሆኑ መንግሥት ቤት ለሚገዛ ሰው ግብሩን ቢቀንስለት ምን ክፋት አለው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እንግሊዞች ብዙ ዓመት ደክመውበታልና፣ ታሪካቸውን ለአንባቢዎቼም ባካፍል መልካም ይመስለኛል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ አገር ሰው ተበድሮ ቤት የገዛ እንደሆነ፣ ለብድሩ የሚከፍለው ወለድ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ ይነሣለት ነበር። ከ1983 ጀምሮ ይህ ቅናሽ የሚደርሰው እስከ 30 ሺህ ፓውንድ ለሚሆን ብድር ነበር።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከት። በ1988 መደበኛው የገቢ ግብር 25 በመቶ፣ ከፍተኛው 40 በመቶ ሆነ። ሁለት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው በዓመት 3 ሺህ ፓውንድ ወለድ ቢከፍሉ፣ መካከለኛ ደመወዝ ያለው 750 ፓውንድ ሲቀርለት፣ ለባለጠጋው 1200 ይቀርለታል። ተከራዩስ? ምንም አያገኝም፤ ግብሩን ግን እንደነርሱ ይከፍላል። (እኔ ራሴ ክፍል ተከራይቼ የምኖር ነኝና ለተከራይ አድልቼ ይሆናል፤ ሒሳቡን ግን አንባቢ ራሱ ሊሠራው ይችላል።) ደግሞም ቤት በጠፋበት ከተማ ገዢው ሁሉ በቅናሹ ተማምኖ ከፍ ያለ ዋጋ ስለሚያቀርብ፣ ጥቅሙ ዞሮ ዞሮ ከሻጩ ኪስ ይገባል።

ሌላም ጉድለት ነበረበት። ሳይጋቡ አብረው የሚገዙ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው በ30 ሺህ ሲጠቀሙ፣ ባልና ሚስት ግን ለሁለቱም 30 ሺህ ብቻ ነበራቸው። በማርች 1988 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሚስተር ናይጄል ላውሰን ይህን ለማስተካከል፣ ከኦገስት 1 ቀን ጀምሮ ቅናሹ በሰው ሳይሆን በቤት እንዲቈጠር መወሰኑን አስታወቁ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የተሳሳቱት ቀጠሮ በመስጠታቸው ነው። ጓደኛሞችና እጮኛሞች ቀኑ ሳያልፍ ለመዋዋል ተሽቀዳደሙ፤ ቀድሞም ይወጣ የነበረው የቤት ዋጋ ይብሱን ናረ። ከዚያ በኋላ መንግሥት የኑሮውን ውድነት ለመግታት ወለዱን እያሳደገ በኦክቶበር 1989 15 በመቶ አደረሰው፤ የቤትም ዋጋ ወደቀ። በጥድፊያ ከገዙት ብዙዎቹ የቤታቸው ዋጋ ከዕዳቸው አንሶ አገኙት። በ1991 ብቻ አበዳሪዎች የወሰዱት ቤት ከ75 ሺህ በላይ ነበር። እርግጥ ይህን ሁሉ መከራ በአንድ ቀጠሮ ማሳበብ አይገባም፤ ብድሩ ራሱ እንደ ልብ ይታደል ነበር።

በዚህ የተማሩ ይመስላል፣ ቀጥሎ የመጡት ቅናሹን ቀስ እያሉ ሸረሸሩት። በ1991 ለባለጠጋ የነበረው ብልጫ ቀረ፤ በ1994 ቅናሹ ወደ 20፣ በ1995 ወደ 15፣ በ1998 ወደ 10 በመቶ ወረደ፤ በኤፕሪል 2000 ፈጽሞ ተሻረ።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ «በቅናሹ ተማምኖ የተበደረውስ ሰው?» አለኝ። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም ቅናሹ ይቅር ስል እርሱን መርሳቴ አልቀረም። አሜሪካኖች በበኩላቸው ለዚህ ሌላ ዘዴ አላቸው። በ2017 በወጣው ሕግ፣ ወለዱ ከግብር የሚነሣለትን የብድር ወሰን ከ1 ሚሊዮን ወደ 750 ሺህ ዶላር ሲያወርዱ፣ ቀደም ብሎ የተበደረውን በአሮጌው ወሰን ተዉት፤ አዲሱንም ወሰን በ2025 ቋሚ አደረጉት። ስለዚህ በዋሺንግተን አካባቢ ቤት የገዙ ወገኖቻችን የትኛው ወሰን እንደሚመለከታቸው የሚያውቁት፣ የተበደሩበትን ቀን አይተው ነው።