የቦንጋኒ ማዮሲ ምርምርና የተጠቀሰበት መጠን

ቦንጋኒ ማዮሲ የአፍሪካን ድሆች ልብ የሚጎዱ በሽታዎችን በማጥናት የታወቁ ደቡብ አፍሪካዊ ሐኪም ነበሩ። በ1967 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በትራንስካይ ተወልደው በናታል ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማሩ፤ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት ከኦክስፎርድ ነው። በ2006 በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲና በግሩት ስኩር ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ክርስቲያን ባርናርድ የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ያካሄዱት በዚሁ ሆስፒታል ሲሆን፣ ዓመቱም ማዮሲ የተወለዱበት ዓመት ነው።

የአንድ ተመራማሪ ሥራ ዛሬ የሚለካው በአብዛኛው ጽሑፎቹ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ በመቁጠር ነው። ቆጠራውን በሥርዓት ያስጀመረው አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ በ1964 ያወጣው የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫ ነው። በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ኤች ኢንዴክስን አቀረበ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አምስት ጽሑፎች ያሉት ሰው ጽሑፎቹ 90፣ 12፣ 4፣ 3 እና 1 ጊዜ ቢጠቀሱ ኢንዴክሱ 3 ይሆናል፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ የተጠቀሱ ሦስት ጽሑፎች አሉት፣ አራት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ግን የሉትም። ያ 90 ወደ 900 ቢያድግ እንኳ ኢንዴክሱ ከ3 ፈቀቅ አይልም። ቁጥሩ እንደ ቆጣሪውም ይለያያል። ጉግል ስኮላር መጻሕፍትንና የመመረቂያ ጽሑፎችን ጭምር ስለሚቆጥር፣ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከዌብ ኦፍ ሳይንስ ይበልጣል።

ከማዮሲ ሥራዎች ሁሉ በሰፊው የሚታወቀው በልብ ከረጢት ቲቢ ላይ የተደረገው ጥናት ነው። ቲቢ ልብን የሸፈነውን ከረጢት ሲያጠቃ በውስጡ ፈሳሽ ይጠራቀምና ልብን ይጨቁነዋል፤ ወይም ከረጢቱ ጠባሳ ይዞ ይደነድንና ልብ እንደ ልቡ መዘርጋት ያቅተዋል። ማዮሲና ባልደረቦቻቸው ቀደም ሲል በመዘገቧቸው ሕሙማን ላይ እንደታየው፣ የቲቢ መድኃኒት እየተሰጣቸውም ሩብ ያህሉ በ6 ወር ውስጥ ሞተዋል። ሐኪሞች ከቲቢው መድኃኒት ጋር ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ መጨመር ይጠቅም እንደሆነ ለአስርት ዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል። በ2014 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመው ጥናት፣ ኢምፒ ይሰኛል፣ በስምንት የአፍሪካ አገሮች 1,400 ሕሙማንን ከፋፍሎ ለከፊሎቹ መድኃኒቱን፣ ለከፊሎቹ መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ሰጠ። ውጤቱ ለማንም ወገን ሙሉ ድል አልሆነም። መድኃኒቱ በጥቅሉ ሞትን አልቀነሰም፤ የከረጢቱን መደንደንና ሆስፒታል መተኛትን ግን ቀንሷል። ከሕሙማኑ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ኤችአይቪ በደማቸው ነበረ፤ በእነርሱ ላይ ከኤችአይቪ ጋር የተያያዘ ካንሰር መጨመሩም ታየ።

የጥናቱ የመጀመሪያ ጸሐፊ ማዮሲ፣ የመጨረሻው ደግሞ ካናዳ የሚሠሩት ሳሊም ዩሱፍ ናቸው። ዩሱፍ በ2004 በ52 አገሮች የልብ ድካምን አጋላጭ ምክንያቶች የመረመረውን ኢንተርሃርትን የመሩና በልብ ሕክምና እጅግ ብዙ ጊዜ ከሚጠቀሱት አንዱ ናቸው። የሁለቱን ሰዎች ቁጥር ማወዳደር ግን ፍትሐዊ አይደለም። በድንገት የሚመጣው የልብ ድካም ሀብታሙም አገር የሚጨነቅበት ስለሆነ ስለ እርሱ የሚጽፈው ብዙ ነው፤ የልብ ከረጢት ቲቢ ግን የሚጠናው ቲቢ ባለበት አገር ነው። የሚጽፍ ሲያንስ የሚጠቅስም ያንሳል።

የጸሐፊዎች ቅደም ተከተልም ትርጉም አለው፤ በሕክምና ጽሑፎች መጀመሪያ የሚሰፍረው አብዛኛውን ሥራ የሠራው፣ መጨረሻ የሚሰፍረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቡድኑን የመራው ነው። ለምሳሌ ሬሜዲ የተባለው ጥናት በ14 አገሮች 3,343 የሩማቲክ የልብ ሕሙማንን የመዘገበ ነው፤ ኢትዮጵያም ከአገሮቹ አንዷ ነበረች። በሊዝል ዙልኬ የመጀመሪያ ጸሐፊነት ታተመ፤ ዙልኬ የማዮሲ የዶክትሬት ተማሪ ነበሩ። የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት፣ ሁለት ሦስተኛዎቹ ሴቶች ነበሩ። በሽታው የሚጀምረው በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሲሆን፣ እንዳይደጋገም የሚከለክለው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ርካሹ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። ጥናቱ እንዳሳየው መርፌውን ያገኙ የነበሩት ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት ብቻ ናቸው፤ በሁለት ዓመት ውስጥም 17 በመቶ ያህሉ ሞቱ።

ማዮሲ ከዚህ ውጭም ሠርተዋል። በ2009 በላንሴት ስለ ደቡብ አፍሪካ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች የጻፉት ደጋግሞ ይጠቀሳል፤ በ2017 ደግሞ በወጣቶች ላይ ድንገተኛ ሞት ከሚያስከትል የልብ ጡንቻ ሕመም ጋር የተያያዘውን የሲዲኤች2 ዘረመል ለውጥ ካገኘው ቡድን ጋር ነበሩ።

ኤች ኢንዴክስ የሚቆጥረው ጸሐፊ ጸሐፊን ሲጠቅስ ብቻ ነው፤ በጤና ጣቢያ ፔኒሲሊን የምትወጋ ነርስ የግርጌ ማስታወሻ አትጽፍም። ስለዚህ ከማዮሲ ሥራ ትልቁ ክፍል በቆጠራው አይታይም። በ2015 የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን የጠራቸው ባለሙያዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው የሩማቲክ የልብ ሕመምን ከአፍሪካ ለማጥፋት ሰባት ተግባራት የዘረዘሩበትን መግለጫ አወጡ፤ ማዮሲ ከአርቃቂዎቹ አንዱ ነበሩ። በሜይ 2018 የዓለም ጤና ጉባኤ በዚሁ በሽታ ላይ ዓለም አቀፍ ውሳኔ አሳለፈ። ማዮሲ በዚያው ዓመት ጁላይ 27 በ51 ዓመታቸው አረፉ።