የጀልባው ሞተር አልነሳ ሲል
ጣና መሃል ናችሁ እንበል። ንፋሱ እየበረታ ነው፤ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ብትስቡ ብትስቡ፣ ወይ ፍንክች! አትደናገጡ። የቤንዚን ሞተር የሚፈልገው ነዳጅ፣ አየርና የእሳት ብልጭታ ነው።

ቀላሉን አስቀድሙ። ሞተሩን የሚያጠፋው የደህንነት ገመድ ወልቆ ከሆነ ብልጭታ የለም። የሳልባትዮው የአየር ቀዳዳ ከተዘጋ ደግሞ ቤንዚኑ መምጣቱን ያቆማል።

ከዚያ ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ፍቱ። ደረቅ ነው? ነዳጅ አልደረሰም፤ ቱቦውንና ማጣሪያውን እዩ። በቤንዚን ርሷል? ወይ ብልጭታ የለም፣ ወይ ቤንዚን በዝቷል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው፤ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ቾክ ሲጨመርበት ይብሳል። ካንዴላውን አድርቃችሁ መልሱና ያለ ቾክ ሞክሩ።