የሐረር ቡና፦ ታሪኩ፣ ጣዕሙና አያያዙ

እንደሚታወቀው የአረቢካ ቡና የተፈጥሮ መገኛ የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። በሐረርጌ ግን የጫካ ቡና የለም። የሐረር ቡና በገበሬው እጅ ተተክሎ፣ ከማሽላና ከበቆሎ ጎን ወይም በጓሮ የሚያድግ፣ ዝናብ በሚያጥርበት ደጋማና ወይናደጋ ተዳፋት ላይ በእርከንና በምንጭ ውኃ የሚጠበቅ ቡና ነው።

ንግዱ ረጅም ዕድሜ አለው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ሲገባ ቡናው አስቀድሞ በአውሮፓ ገበያ የታወቀ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም እ.ኤ.አ. በ1880 ወደ ከተማይቱ የመጣው የቡና ነጋዴዎች ወኪል ሆኖ ነው። ያን ጊዜ ቡናው በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላና በርበራ ወደቦች ይወርድ ነበር። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ግን የቡናው መናኸሪያ ድሬዳዋ ሆነች። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 «ሐረር»ን ከሲዳሞና ከይርጋጨፌ ጋር በዩናይትድ ስቴትስ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያመለከተው ስሙ ራሱ ዋጋ ስላለው ነው።

ይህን ስም ያስገኘው ጣዕሙ ነው። የሐረር ቡና በውኃ አይታጠብም፤ ከነገለፈቱ በፀሐይ ይደርቃል። በዚህ ጊዜ የፍሬው ጣፋጭ ሥጋ ከቡናው ጋር ስለሚቆይ ቀማሾች ወይን መሰል፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚልና «ሞካ» የሚሉትን ጣዕም ያገኙበታል። የአካባቢው ሕዝብም ከተክሉ የሚጥለው ጥቂት ነው፤ ከገለፈቱ ሆጃ፣ ከቅጠሉ ቁጢ አፍልቶ ይጠጣል።

ነገር ግን ወይን መሰሉ ጣዕምና የመኮምጠጥ ጉድለት ጎረቤታሞች ናቸው። ሁለቱም ከፍሬው ሥጋ ይመነጫሉ። ፍሬው በስሱ ተሰጥቶ በእኩል ከደረቀ መልካሙ ጣዕም ይቀራል፤ ከተቆለለ ወይም እርጥብ መሬት ላይ ከዋለ ይፈላል፣ ይሻግታል፣ አፈር አፈር ይላል። ስለዚህ የልማት ሠራተኞች የሚከተሉትን ለገበሬው በተግባር እንዲያሳዩ እናሳስባለን፦

ሀ/ የቀላውን እሸት ብቻ እየመረጡ መልቀም፤ አረንጓዴውንና ዛፍ ላይ የደረቀውን ለየብቻ መያዝ።

ለ/ በተለቀመበት ዕለት ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ፣ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ማስጣት።

ሐ/ በቀን ደጋግሞ ማገላበጥ፤ ማታና ዝናብ ሲመጣ መሸፈን።

መ/ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ወይም ከዚያ በታች እስኪወርድ መጠበቅ። ጀንፈሉ ሲወዘወዝ መንኳኳቱ ምልክት ቢሆንም በመለኪያ ማረጋገጥ ይሻላል።

ሠ/ በንጹሕ የቃጫ ጆንያ፣ በርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አርቆ ማስቀመጥ። ቡና ሽታ ስለሚስብ ነጭ ጋዝ፣ ቆዳና ማዳበሪያ አጠገቡ አይቀመጡ።

ያረጀ ተክልም ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ በሰያፍ ተጎንድሎ ከሚያወጣቸው ቀንበጦች ሁለት ወይም ሦስት ጠንካሮች ቢቀሩለት ይታደሳል። በጉንደላው ወቅት ምርት ስለሚቋረጥ ማሳውን በየዓመቱ ከፍሎ መጎንደል ይገባል።

ይህ ሁሉ ምክር ግን ከዋጋ ጋር ካልተያያዘ ወረቀት ላይ ይቀራል። በሐረርጌ ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሏል። ይህን ያደረገው ባለማወቅ አይደለም፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም ወዲያው እጅ ይገባል። ቡና ግን በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ቀይ እሸት መርጦ የለቀመና ሁሉን አንድ ላይ የመለመለ ገበሬ እኩል ከተከፈላቸው፣ የመረጠው በድካሙ ከሰረ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት አይመርጥም፣ ምናልባትም ይነቅላል።

ስለሆነም የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሚዛን ላይ ሲቀመጡ ቡናውን በደረጃ ይለዩ፣ ለተመረጠው ብልጫ ዋጋ ይክፈሉ፣ የትርፍ ክፍፍሉንም በወቅቱ ያድርሱ። የልማት ሠራተኛው በማሳ፣ ማኅበሩ በሚዛን ላይ በአንድነት ከሠሩ ገበሬው ቡናውን ለማቆየት ምክንያት ያገኛል። ተክሉ ከተነቀለ ግን ስሙን በመዝገብ ማስፈር ብቻውን ጣዕሙን አያቆየውም።