ሞተር የለወጠች ቪትዝ ስንት ታወጣለች?

መኪና እያረጀች በሄደች ቁጥር ዋጋዋ ይቀንሳል የሚለው የሂሳብ ሠራተኞች ደንብ በአዲስ አበባ ገበያ መሥራት ካቆመ ሰንብቷል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ ያወጣት የመጀመሪያዋ ቪትዝ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏታል። በጃፓን የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸልማለች፤ ያሪስ በሚል ስም ደግሞ በ2000 አውሮፓም ይህንኑ ክብር ሰጥቷታል። በትውልድ አገሯ ብትሆን ኖሮ እስካሁን ከቁራሌው እጅ ገብታ ነበር። እዚህ ግን ደላላው «ሞተሯ ያልተነካ» ብሎ ያስተዋውቃታል፤ ገዢም አላጣችም።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ በባንክ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ (ነጋዴው የሚያውቀው ተመን ሌላ እንደነበር ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያሻም)። ስለዚህ ቪትዝ ያለው ሰው መኪናውን ለውጦ የተሻለ ከመያዝ ይልቅ ያችኑ ማሻሻል ይቀለዋል። የማሻሻያው ፋሽን ደግሞ ሞተር መለወጥ ሆኗል።

በቪትዝ ላይ የሚመጣው ትንሹ ሞተር የአንድ ሊትር ሲሆን ፋብሪካው የሚሰጠው ጉልበት 70 ፈረስ ያህል ነው። ይህ ቁጥር የተለካው ግን ለባሕር ወለል ነው። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር ባለመኪናው የሚነዳው 70 ፈረስ ሳይሆን ከ50 ብዙም የማይዘል ነው። አራት ሰው ጭኖ ወደ ሽሮ ሜዳ የወጣ ያውቀዋል። በፕላትዝና በፕሮቦክስ ላይም የሚገኘው ባለ 1.5 ሊትሩ ሞተር 109 ፈረስ ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ላይ ሲሰላ 80 ግድም ይሆናል። ይኸውም ብዙ የሚወራለት የሞተር ለውጥ በተግባር ከፍታው የወሰደውን መልሶ ከመስጠት ጥቂት ያለፈ ነው ማለት ነው።

ሥራው የሚቀለውም የሚከብደውም እንደ መኪናዋ ነው። ቪትዝ ሁሉ አንድ አይደለችም። ባለ 1.3 ሊትሯ ኤንዜድ ሞተር ካላት ከ1.5ቱ ጋር ወንድማማች ናቸው፦ የሲሊንደሩ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር ሆኖ አንድ ነው፤ የሚለየው የፒስተኑ የጉዞ ርዝመት ነው፣ ከ73.5 ወደ 84.7 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ባለ አንድ ሊትሯ ግን ከሌላ ቤተሰብ ናት። ለእሷ የሞተር መቀመጫው፣ ካምቢዮው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱና ኮምፒዩተሩ አብረው መምጣት አለባቸው። ሶማሌ ተራ ሄዶ ሞተሩን ብቻ በርካሽ የገዛ ሰው የቀረውን በየጊዜው እየተመላለሰ ሲሰበስብ፣ የመጀመሪያው ዋጋ የወጪው ግማሽ እንኳ ሳይሆን ይቀራል።

ከሁሉም የሚረሳው ፍሬኑ ነው። ይህ አያስገርምም፤ ሞተር ለጓደኛ ይታያል፣ ፍሬን አይታይም። ሂሳቡ ግን ምሕረት የለውም። አንድ መኪና በሩጫ የሚሸከመው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ80 ኪሎ ሜትር ወደ 100 የወጣ ሰው ፍጥነቱን በሩብ ሲጨምር፣ ፍሬኑ ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያስወግደው ኃይል በ56 በመቶ ይጨምራል። ቪትዝን ለማቆም ከሚያስፈልገው ሥራ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሸከሙት የፊት ዲስኮች ሲሆኑ፣ የብዙዎቹ የኋላ እግር አሁንም ታምቡር ነው።

ከፍታው እዚህም አለ። ፔዳሉን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊትና ሞተሩ በሚስበው ባዶ አየር መካከል ባለው ልዩነት ነው። የውጭው ግፊት ሲያንስ እገዛውም ያንሳል፤ እግር የበለጠ መርገጥ አለበት። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። እዚያ ላይ ፍሬን እየረገጡ መውረድ የፍሬን ዘይቱን ያፈላዋል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ይታመቃል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይገባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል። እርጥበት ከሳበ በኋላ ሁለቱም ብዙ ይወርዳሉ፤ የአገራችን መኪኖች ዘይት ስንት ዓመት እንደሚቆይ ደግሞ ባለቤቶቹ ያውቃሉ።

ስለዚህ ከሞተሩ በፊት የሚመከረው ወጪ ትንሹ ነው፦ አዲስ ዶት 4 ዘይት፣ ጥሩ የፊት ሸራ፣ ያረጁትን የጎማ ቱቦዎች መለወጥ። ከዚያ በላይ መሄድ የፈለገ ከ1.5 ሊትሩ አርኤስ ሞዴል ትላልቅ የፊት ዲስኮችን ከነካሊፐራቸው ማምጣት ይችላል። አርኤሱ ከፋብሪካ ሲወጣ በአራቱም እግር ዲስክ ነበረው። በ13 ቁጥር ቸርኬ ውስጥ ትልቁ ካሊፐር ሊጋጭ ስለሚችል፣ መጀመሪያ መለካት ነው። የካሊፐሩ ፒስተን ሲያድግ የፍሬን ማስተሩም አብሮ ካልታየ ፔዳሉ ይረዝማል፤ ትልቅ ዲስክ አስገብቶ የባሰ ፍሬን ይዞ የሚወጣ ሰው የሚኖረውም በዚህ ነው።

ገበያው ይህን ሁሉ እንዴት ይተምነዋል? ባጭሩ፣ አይተምነውም። ገዢ የሚከፍለው ለቀለሟ፣ ለታርጋዋና ላልተነካ ሞተሯ ነው። ለዲስክና ለዘይት የወጣው ገንዘብ ሲሸጥ አይመለስም፤ የሚመለሰው በየቀኑ መንገድ ላይ ነው። ለሞተሩ የወጣው ደግሞ ወረቀት ከሌለው ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ የሰፈረ ነው፤ ሞተር ሲለወጥ ቁጥሩም በመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መለወጥ አለበት። የአዲሱ ሞተር መነሻ ካልታወቀ፣ ማለትም ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ከሌለው፣ ስም ማዛወሩ ሊሰናከል፣ ኢንሹራንሱም በአደጋ ቀን ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል።

ስለሆነም የተለወጠች ቪትዝ ለመግዛት የሚደራደር ሰው መከለያዋን ከፍቶ ከማድነቁ በፊት ሊብሬውን ይዞ የሞተር ቁጥሩን ቢያስተያይ ይሻላል። ቁጥሩ ከተገናኘ ፔዳሉን አጥብቆ ረግጦ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይያዘው። እየሰመጠ ከሄደ ስለዋጋ መነጋገር የሚጀመረው ከዚያ ነው።